ባዶ ቦታ አትተዉ

በነርስነት ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ በሆስፒታላችን የበሽተኛ ነገር ከተረኛ ወደ ተረኛ የሚተላለፈው በአፍ ነበር። ወጪውና ገቢው በክፍሉ በር ላይ ይገናኛሉ። «በመስኮቱ በኩል ያለችው ሴትዮ ትኩሳቷ በርዶላታል፤ ከባቢሌ የመጡት ሽማግሌ ግን ዛሬም እህል አልቀመሱም፤ አደራ» ይባላል። አንዱ ጋዋኑን እያወለቀ፣ ሌላው እየለበሰ፣ ጨዋታም ይጨመርበታል። ዶክተሩ ጠዋት ሲዞር በየአልጋው ቆሞ ይጠይቃል፤ የሚመልስለትም ያየው ሰው ነው። ያየው ሰው ልቅሶ ሄዶ እንደሆነ፣ ወይም ቤቱ ተኝቶ እንደሆነ፣ የበሽተኛው ነገር አብሮት ሄደ ማለት ነው።

በዚህ የተጎዳ ሰው አይቻለሁ። አንድ ጎልማሳ ጠዋት የተወጋውን መርፌ፣ ተረካቢው አልሰማ ኖሮ፣ ቀትር ላይ ደግሞ ወጋው። ሰውየው ተንፈራፍሮ ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ ቀን በኋላ በአፍ በተነገረኝ ነገር ላይ ልቤ አያርፍም ነበር። ስለዚህ ሜትረኗ ወረቀቱን ያመጡ ዕለት ከሁሉም በላይ ደስ ያለኝ እኔን ነው።

የነርሶች አለቃ የነበሩት ሜትረኗ የውጭ አገር ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ ኮቴያቸው የማይሰማ። አማርኛቸው የተሰባበረ ቢሆንም የሚፈልጉትን ለማስረዳት አያንሳቸውም። አንድ ጠዋት ሁላችንንም፣ ነርሱንም ድሬሰሩንም፣ በሴቶች ክፍል ሰበሰቡን። አንዲት በሽተኛ በተኛችበት አልጋ ግርጌ ስስ ቆርቆሮ ተንጠልጥሏል፤ በላዩ በሰንጠረዥ የተሰመረ ወረቀት ታስሯል።

«ከዛሬ ጀምሮ በሽተኛ እዚህ ነው» አሉ ወረቀቱን በጣታቸው መታ እያደረጉ። «ሙቀት፣ የልብ ምት፣ መድኃኒት፣ ሁሉም እዚህ። ጠዋት ይጻፋል፣ ቀትር ይጻፋል፣ ማታ ይጻፋል። አፍ የለም። ወረቀት።»

በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡ አንድ ድሬሰር ነበሩ፤ ቁስል ማጠብ የተማሩት በጣሊያን ጊዜ ነው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ «ታዲያ አልጋው ላይ የተኛችው ማን ልትሆን ነው?» አሉ። ሳቅ በሳቅ ሆንን። ሜትረኗ አልገባቸውም፤ እኔም አልተረጎምኩላቸውም።

እኔ የሐረር ልጅ ነኝ። አያቶቼ ከሸዋ መጥተው ከሸዋ በር ብዙም ሳይርቁ ቤት ሠርተው የቀሩ ናቸው። ከጎረቤቶቻችን ልጆች ጋር ስላደግኩ ኦሮምኛውንም ሐረሪኛውንም እችላለሁ፤ ጽሕፈቴም አይከፋም። ለዚህ ይመስለኛል ሜትረኗ ወረቀቱን የማስለመዱን ሥራ ለእኔ የሰጡኝ። በየክፍሉ እየዞርኩ ነጥቡ የት እንደሚደረግ፣ መስመሩ እንዴት እንደሚቀጠል ማሳየት ጀመርኩ።

ሰው አልተቀበለውም። ድሬሰሮቹ፣ «የበሽተኛውን ዓይን አይቼ የማውቀውን ምን ያስጽፈኛል» ይላሉ። ነርሶቹ ደግሞ ክፍሉ ሞልቶ ወለል ላይ በሚተኛበት ወር ማን ቁጭ ብሎ ይጽፋል ባዮች ናቸው። በሽተኞቹም ይጠራጠሩ ነበር። አንዲት ከገጠር የመጣች ሴት ቆርቆሮውን በየማታው ትገለብጠዋለች። ከአቦከር የመጡ አንዲት አሮጊት በበኩላቸው ገና ስገባ፣ «ዛሬስ ምን ጻፋችሁብኝ?» ይሉኛል። አነብላቸዋለሁ። «አልሐምዱሊላህ» ብለው ይተኛሉ፤ በማግስቱ እንደገና።

ሜትረኗ ቀይ እርሳስ ይዘው ይዞራሉ። ያልተሞላ ቦታ ሲያገኙ ያከቡበታል። ቀይ ክብ የተገኘበት ክፍል ተረኛ በሁሉም ፊት ቆሞ ይጠየቃል። ያ ውርደት እንዳይደርስባቸው ብዬ በየበሩ ብቅ እያልኩ፣ «ባዶ ቦታ አትተዉ! እባካችሁ ባዶ ቦታ አትተዉ!» እላቸው ነበር። ከማብዛቴ የተነሣ «ባዶ ቦታ መጣች» ይሉኝ ጀመር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሜትረኗ ጠሩኝና ወደ ወንዶች ክፍል ወሰዱኝ። አንዱ አልጋ ባዶ ነው፤ በሽተኛው ጠዋት ድኖ ወደ አገሩ ሄዷል። በወረቀቱ ላይ ግን የቀትሩ ሙቀት ሠላሳ ሰባት ተብሎ ተሞልቷል። ሜትረኗ ፍራሹን በመዳፋቸው ዳበሱት። «አልጋው ጤነኛ ነው» አሉ። እኔ ሳቄ መጣ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ተረኛውን ድሬሰር አስጠርተው ተቆጡት። ወሬው ግቢውን ሁሉ አዳረሰና ለሳምንት መሳቂያ ሆነ። ከዚያ ያለፈ ነገር ያሰበበት ሰው አልነበረም።

ቀስ በቀስ ቀዩ ክብ እየጠፋ ሄደ። ወረቀቱ ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ተሞልቶ ይገኛል። ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች በየአልጋው ግርጌ እያጎነበሱ አይተው አደነቁ። ሜትረኗ በዚያ ቀን ሻይና ብስኩት ጋበዙን፤ «ሠራተኛዬ ተቀበለ» ሲሉም ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም በኩራት ተነፋሁ።

ከዚያ ሁሉ ሰው ለእኔ የምትቀርበኝ አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ። አብረን ተምረን አብረን የተመረቅን ናት፤ የደሴ ልጅ። ሐረር ስትመደብ ዘመድ አልነበራትም፤ የእኛ ቤት ቤቷ ሆነ። ፋሲካን ከእኛ ጋር ትገድፋለች፤ እናቴ ለእኔና ለታናሽ እህቴ ቀሚስ ስታሰፋ ለእሷም ታሰፋላታለች። የምትሠራው በወሊድ ክፍል ነው። የእሷን ያህል ለዚያ ሥራ የተፈጠረ ሰው አላየሁም። የሚያለቅስ ሕፃን እጇ ሲገባ ዝም ይላል። የአራስን ሕመም ከፊቷ ታነባለች ይሏት ነበር። ክፍሉ ግን ከሁሉም ይበልጥ የተጨናነቀው ነበር፤ አንዳንዴ በአንድ አልጋ ሁለት አራስ ይተኛል።

እህቴ ያን ዓመት የመጀመሪያ ልጇን አረገዘች። ባሏ ወታደር ነው፤ ኦጋዴን ወርዷል። እናቴ እቤት ትውለድ አለች። እኔንም እህቴንም ያዋለዱት ጎረቤታችን ገና በሕይወት ነበሩ።

«እጃቸው የተባረከ ነው» አለች እናቴ። «እናንተን ያወጣ እጅ እሷን ምን ያደርጋታል?»

«እማዬ፣ ሆስፒታሉ እኮ እንደ ድሮው አይደለም» አልኳት። «አሁን በየአልጋው ወረቀት አለ። ትንሽ ቢያማት ወረቀቱ ይናገራል። ዶክተሩ እሱን አይቶ ነው የሚያዘው።»

«ወረቀት አፍ የለው፣ በምኑ ይናገራል?»

«ካፍ ይበልጣል፣ እማዬ። አፍ ይረሳል።»

እናቴ አሁንም ስታመነታ እህቴ ሣቀችና፣ «ደግሞ እዚያ ያለችው የማን ልጅ ናት? የራስሽ ልጅ አይደለችም እንዴ?» አለቻት። ጓደኛዬን ማለቷ ነው። እናቴ በእሱ ተረታች።

እህቴ በደኅና ተገላገለች። ሴት ልጅ። ጓደኛዬ ናት ያዋለደቻት። ሕፃኗን አጣጥባ፣ ጠቅልላ ስትሰጠኝ፣ «ይቺማ የእኔ ናት፤ ክርስትና አነሣታለሁ፤ ማንም እንዳይሻማኝ» አለችኝ። እናቴ ከደጅ ሆና እልል ስትል አስታማሚው ሁሉ ተከተላት።

በማግስቱ ከፈንጣጣ ክትባት ቡድን ጋር ገጠር መውጣት ነበረብኝ። ኦሮምኛ የምትችል ነርስ ያስፈልጋል ተብሎ ቀድሞ የተያዘ ነው። ልቀር አሰብኩ። ጓደኛዬ ናት ከኋላ እየገፋች ወደ መኪናው የሸኘችኝ።

«ሂጂ እንጂ። እኔ አለሁ አይደል?»

አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እሷ አለች፤ አምኛት ሄድኩ።

በአምስተኛው ቀን ከገጠር ስንመለስ ቀትር ላይ ነው። ላንድሮቨሩ ከሆስፒታሉ በር ላይ አወረደኝ። አቧራዬን እንኳ ሳላራግፍ፣ ከመንገድ የገዛሁትን ብርቱካን በነጠላዬ ቋጥሬ ወደ ወሊድ ክፍል ገባሁ። እናቴ ከአልጋው ሥር ሕፃኗን ታቅፋ ተቀምጣለች። እህቴ ጋቢ ደርባ ተኝታለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ዓይኗ ተከፍቷል፤ ግን አላወቀችኝም፤ በሞተች አክስታችን ስም ጠራችኝ። ግንባሯን ስነካት እጄን እንደ ምድጃ ፈጀኝ።

ቀና ብዬ ወረቀቱን አየሁ። ከወለደችበት ቀን ጀምሮ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ፣ ነጥቡ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ሠላሳ ሰባት። መስመሩ በማስመሪያ የተሠመረ ይመስላል። አንድም ባዶ ቦታ የለም። ጽሕፈቱን አውቀዋለሁ፤ ከትምህርት ቤት ጀምሮ አጠገቤ ሲጻፍ የኖረ ጽሕፈት ነው።

«እማዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነችው?»

«ከትናንት ወዲያ ብርድ ብርድ አላት። ትናንት መቃጠል ጀመረች።»

«ለምን ለዶክተሩ አልነገርሽም?»

እናቴ ሕፃኗን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገቻት። «ጠዋት ጠዋት ይመጣል። ወረቀቱን ያይና ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ልጄ ትቃጠላለች ልለው አፌ ላይ ይደርሳል። ወረቀቱ ይናገራል ብለሽኝ የለ? ካንቺና ከእሱ እኔ ላውቅ ነው ወይ ብዬ ዝም አልኩ። ምች ነው፣ ይለቃታል እያልኩ ስጠብቅ ነበር።»

ጓደኛዬ በሩ ላይ ቆማለች። መቼ እንደመጣች አላየኋትም።

«ቴርሞሜትር አምጪ» አልኳት።

አልተንቀሳቀሰችም።

«ቴርሞሜትር!»

«የለም» አለች። «ተሰብሯል። ሁለቱም።»

«መቼ?»

«አንቺ የሄድሽ ዕለት አንዱ። ሌላው ከዚያ በፊት።»

ከዚያ በላይ አልጠየቅኳትም። ሮጬ ከሕፃናት ክፍል አመጣሁ። የእህቴ ሙቀት ከአርባ አልፎ ነበር። ዶክተሩ መጣ፤ ጋቢውን ገልጦ ሆዷን ሲነካት ጮኸች። ጠረኑን እኔም አወቅሁት፤ ማሕፀኗ አመርቅዟል። ፔኒሲሊን ታዘዘ፣ ግሉኮስ ተሰቀለ። ዶክተሩ ወደ ኮሪደሩ ይዞኝ ወጣና፣ «ደሟ ውስጥ ገብቷል፤ ትናንት ቢሆን ኖሮ» ብሎ ጀመረ፤ ፊቴን ሲያይ አልጨረሰውም።

በማግስቱ ጠዋት ትንሽ ነቃች። አወቀችኝ። ሕፃኗን አጠገቧ አስተኛሁላት።

«ፀጉሯን አየሽው?» አለችኝ። «ልክ እንደ አባቷ ነው። ሲመጣ ሳይነግሩት እንዲያውቃት ነው።»

«ዝም በይ፣ አትድከሚ።»

«እማዬን አትቆጫት» አለችኝ። ለምን እንዲህ እንዳለች ዛሬም አላውቅም። ምናልባት ስጠይቃት ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ሰምታኝ ይሆናል። ከቀትር በፊት አረፈች።

ልቅሶው ከባድ ነበር። ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኑም እስላሙም ግቢውን ሞሉት። የሐረሪ ሴቶች ከእናቴ ግራና ቀኝ ተቀምጠው እጇን ይዘው ዋሉ። ጎረቤታችን አሮጊት፣ እኛን ያዋለዱት፣ «ሰብር አድርጊ ልጄ፤ የአላህ ቀደር ነው» ይሏታል። እሳቸውን ባየሁ ቁጥር ዓይኔን የምጥልበት አጣ ነበር። የእህቴ ባል የደረሰው ከቀብሩ በኋላ ነው። ከነአቧራው ገብቶ በሩ ላይ ተቀመጠ። ሕፃኗን ስንሰጠው አቅፏት ፀጉሯን በጣቱ ይነካካል።

ጓደኛዬ ከልቅሶው አልቀረችም። ከጓዳ ሆና ሰሃን ታጥባለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ለእንግዳ ንፍሮ ታቀርባለች። እናቴ ማን ምን እንደጻፈ አታውቅም። «እስከ መጨረሻው ያስታመመቻት እሷ ናት» እያለች ለመጣው ሰው ሁሉ ትነግራለች። ጓደኛዬ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞር ነበር። እኔ አላናገርኳትም። ለእናቴም አልነገርኩም። መናገሩ የሷ ነው ብዬ ተውኩት።

አርባዋ በወጣ በሳምንቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ የነፍስ አባታችንና ሽማግሌው ድሬሰር በግቢያችን በር ገቡ። ከኋላቸው ጓደኛዬ ትከተላለች፤ ማተቧን ወደ ውጭ አውጥታ፣ በአንገቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማ። እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ምንድን ነው ይኼ? አባቴ፣ ልጄ ምን ሆነች?»

ጓደኛዬ በጉልበቷ ወደቀች። «እማማ፣ እኔ ነኝ የገደልኳት። ሳልለካ ነው የጻፍኩት።»

እናቴ አልገባትም። ቄሱ ሊያስረዱ ሲጀምሩ ጓደኛዬ አቋረጠቻቸው፤ ሁሉንም ራሷ ተናገረች። መለኪያው እንደተሰበረ፣ ክፍሉ እንደሞላ፣ ለብቻዋ እንደነበረች፣ መጀመሪያ የአንዷን ወረቀት እንደሞላች፣ ከዚያ የሁሉንም እንደሞላች። የእህቴን ግን ደጋግማ መጥታ እንዳየቻትና ደኅና እንደመሰለቻት። ከዚያም ሌሎች ምጥ የያዛቸው እንደመጡና ሳትመለስ እንደቀረች።

እናቴ ወደ እሷ ጠጋ አለች። «ለምን አልተናገርሽም ልጄ? ተሰበረ ማለት ምን ያስፈራል?»

«ፈራሁ፣ እማማ።»

«ማንን?»

ጓደኛዬ ቀና አላለችም። «ባዶ ቦታውን» አለች።

ሽማግሌው ድሬሰር ወደ እኔ አዩ። ክፋት አልነበረበትም አስተያየታቸው፤ ግን ሲያዩኝ አየኋቸው። እናቴ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ከአንገቷ ላይ አነሣች። ድንጋዩ ከበዳትና በሁለት እጇ ይዛው ጥግ ድረስ ሄደች። ተመልሳ ጓደኛዬን በብብቷ ደግፋ አስነሣቻት፤ ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ። ቄሱ «አንቺስ ልጄ?» አሉኝ። እግዚአብሔር ይፍታ ማለት ነበረብኝ። ሕፃኗ አለቀሰች ብዬ ወደ ቤት ገባሁ። ሕፃኗ አላለቀሰችም፤ ተኝታ ነበር።

ወደ ሥራ ስመለስ ሆስፒታሉ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። በየክፍሉ መለኪያ ተጨምሯል። ሜትረኗ ቀዩን እርሳስ ትተውታል። ከሁሉም የገረመኝ ወረቀቶቹ ናቸው። በየመሐሉ «አልተለካም» የሚል ጽሕፈት አለ፤ ለምን እንዳልተለካም አጠገቡ ይጻፋል፤ «መለኪያ የለም»፣ «ተረኛዋ ምጥ ላይ ናት»፣ «በሽተኛው አልፈቀደም»። ተረኛም ሲለዋወጥ በሩ ላይ ቆሞ እንደ ድሮው በአፍ ይናገራል፤ ከወረቀቱ ጋር እያስተያየ።

«ማን ነው ይህን ያመጣው?» ብዬ ሽማግሌውን ድሬሰር ጠየቅኋቸው።

«ጓደኛሽ ናት» አሉኝ። «እህትሽ ካረፈች በኋላ ሜትረኗ ሁላችንንም ሰብስበው ምን እናድርግ አሉ። እሷ ተነሣችና፣ ያልሠራነውን አልሠራንም ብለን እንድንጽፍ ይፈቀድልን አለች። ሜትረኗ አለቀሱ። እኔም ያን ጊዜ ነው ብዕር የጨበጥኩት ልጄ፤ እስከዚያ የምጽፈው ለእሳቸው ነበር።»

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ሳይጎተጎት ወረቀቱን የራሱ አደረገው። ስለ ልማዱ የሚያፌዝ አልነበረም። ሲጽፉ ሳይ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ የደከምኩበት ነገር ነው። የእያንዳንዱ ነጥብ ዋጋ ግን የእኔ እህት ነበረች፤ ደስታው ከደረቴ አልገባ አለኝ።

ጓደኛዬና እኔ በአንድ ግቢ እየሠራን ወራት ሳንነጋገር አለፍን። አንድ ቀን ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ብቻችንን ተገናኘን።

«አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ» አለችኝ።

«አትንገሪኝ።»

«እህትሽ እኮ ለእኔም...»

«አትበይ!» አልኳት። «እሷን አትበይ።»

ባልዲዋን አነሣችና ሄደች። ብዙም ሳይቆይ ዝውውር ጠይቃ ወደ አሰበ ተፈሪ ተመደበች። የምትሄድበት ጠዋት እናቴ ዳቦ ቆሎ ቋጥራ እስከ ሸዋ በር ድረስ ሸኘቻት። እኔ ሕፃኗን ይዤ ቤት ቀረሁ። እናቴ ስትመለስ ነጠላዋን አጣጥፋ ተቀመጠች።

«አውቶቡሱ እስኪነሣ አንቺን ስትጠብቅ ነበር» አለችኝ። «ምን ልበላት? አራስ ልጅ ይዞ ማን ይሸኛል አልኳት። አራስ ልጅ!» ሕፃኗ ያን ጊዜ ድክ ድክ ማለት ጀምራለች።

የእህቴ ባል ከጊዜ በኋላ ሌላ አግብቶ ወደ ጅጅጋ ሄደ፤ ልጅቱ እኔን እማዬ እያለች አደገች። እናቴ በየዓመት በዓሉ፣ «ያቺ ልጅ ምን ሆና ይሆን? ጻፊላት እንጂ» ትለኛለች። እሺ እላታለሁ። እናቴ እስክታርፍ ድረስ እሺ ስል ኖርኩ።

እናቴን ከቀበርኩ በኋላ ቤቱ ሰፋብኝ። አንድ ክረምት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ልጅቱን ይዤ አሰበ ተፈሪ ሄድኩ። ምን እንደምላት አላሰብኩም፤ ማየት ብቻ ነው የፈለግኩት። ጤና ጣቢያው ውስጥ ጓደኛዬን የምታውቃት አንዲት ነርስ አገኘሁ። የነርስነቱን ሥራ ከተወች ዓመታት እንዳለፉ ነገረችኝ። በወሊድ ክፍል አልሠራም ብላ መድኃኒት ማደያው ውስጥ ነበረች፤ በኋላ እሱንም ተወችው። ቤቷን አሳየችኝ። ቤቱ ተዘግቷል። ጎረቤቷ፣ ጠና ያሉ ሴት፣ ወጡና ጓደኛዬ አግብታ እንደነበር፣ ባሏ ወደ ባሌ ሲዛወርም አብራው እንደሄደች፣ የባሌ የትኛው ከተማ እንደሆነ ግን እንደማያውቁ ነገሩኝ።

ተስፋ ቆርጬ ልመለስ ስል ሴትዮዋ ልጅቱን አተኩረው አዩአት።

«የሐረሯ ልጅ ይቺ ናት እንዴ?»

«ምን ብላ ነገረችዎት?»

«ምንም አትናገርም፤ ዝምተኛ ነበረች። በየዓመቱ በአንድ ቀን ግን ንፍሮ ቀቅላ ለነዳያን ታበላ ነበር። የማን ነው ስንላት፣ የእህቴ ሙት ዓመት ነው ትለን ነበር። ሐረር ልጅ አለቻት ትል ነበር፤ ፀጉሯ ሉጫ የሆነ።» ልጅቱን ራሷን ዳበሷት። «ዘመድ ጥየቃ ነው የመጣችሁት?»

«አዎ» አልኳቸው።

ሴትዮዋ ወደ ቤት አስገብተው ውሃ ሰጡን፤ ቁጭ ብለን ጠጣን። ልጅቱ አንዴ እኔን አንዴ ሴትዮዋን ታያለች። ስታወጣ ስታወርድ ቆይታ፣ አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ «እማዬ፣ እኔ የማላውቃት ሌላ አክስት አለችኝ?» አለችኝ። ነገርኳት። ከመንገዱ ዳር ቆመን፣ ካፌ እንደመጣልኝ፣ ሁሉንም ነገርኳት። አላቋረጠችኝም።

ለሴትዮዋ ሐረር ያለውን ቤታችንን ነግሬያቸው፣ ጓደኛዬ ከመጣች ወይም ሰው ከላከች እንዲነግሩልኝ ለምኛቸው ነበር። በክረምት ማግስት አንድ ጊዜ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሌላ ጊዜ ሰው ላክሁ። እስካሁን ድረስ ወሬዋን የሰማ ሰው አላገኘሁም።